የንግሥት ቪክቶሪያ ኀዘንና መጽናናት

ኀዘን ወደ ድኃ ጎጆ እንደሚገባ ሁሉ ወደ ነገሥታት አዳራሽም ይገባል። በር ጠባቂ አያግደውም፤ ወርቅም አይመልሰውም። የሚወደው ሰው የሞተበት ሁሉ፥ ንጉሥም ቢሆን ገበሬም ቢሆን፥ ልቡ አንድ ዓይነት ቍስል ይቈስላል። ልዩነቱ ቍስሉን በሚይዝበት መንገድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናነበው የእንግሊዝ ንግሥት የቪክቶሪያ ታሪክ ነው። ከዚህም ታሪክ፥ ያዘነ ሰው በትዝታና በትንንሽ የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚጽናና፥ ትዝታው ከልክ ሲያልፍም እንዴት እንደሚጐዳ እንማራለን። በታሪኩ የተጻፉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቪክቶሪያ በሜይ 24 ቀን 1819 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፥ በኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ተወለዱ። አባታቸው የኬንት መስፍን ኤድዋርድ፥ የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ልጅ ነበሩ። ነገር ግን ቪክቶሪያ ገና የስምንት ወር ሕፃን ሳሉ አባታቸው ታመው ሞቱ። ስለዚህ አባታቸውን በሥዕልና በሰው ወሬ ብቻ እንጂ በዐይን አላወቋቸውም። እናታቸው ከጀርመን አገር የመጡ ልዕልት ነበሩ፤ ልጃቸውንም እጅግ አጥብቀው ይጠብቁ ነበር። ቪክቶሪያ እስኪነግሡ ድረስ በእናታቸው ክፍል ይተኙ ነበር፤ ሰው እጃቸውን ሳይዝም ደረጃ እንዲወርዱ እንኳ አይፈቀድላቸውም ነበር። አብሯቸው የሚጫወት እኩያ ልጅም እምብዛም አልነበራቸውም።

ብቸኛ ልጅ ወይ ሲያኰርፍ ይውላል፥ ወይ እጁን ሥራ ያስተምራል። ቪክቶሪያ ሁለተኛውን መረጡ። ሌሄዘን ከሚባሉት ሞግዚታቸው ጋራ ሆነው ለትንንሽ የእንጨት አሻንጉሊቶች ልብስ ይሰፉ ነበር፤ የአሻንጉሊቶቹም ቍጥር 132 ደረሰ። ስማቸውንም በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ዳሽ የሚባል ውሻ ነበራቸው፤ እርሱም ታላቅ ወዳጃቸው ነበረ። በ1827 ዓ.ም. ሪቻርድ ዌስቶል የሚባል ሠዓሊ ሥዕል ያስተምራቸው ጀመረ። በ1832 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ሳሉ፥ ወደ ዌልስ አገር ሲጓዙ በመንገድ ያዩትን እንዲጽፉበት እናታቸው ባዶ ደብተር ሰጧቸው። ቪክቶሪያም ከዚያ ቀን ጀምረው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ የዕለት ማስታወሻ መጻፍን አልተዉም። በልጅነት ጊዜን ለማሳለፍ የተማሩት መስፋት፥ መሣልና መጻፍ በኋላ በመከራቸው ዘመን የሚያግዛቸው መሆኑን ያን ጊዜ ማን ዐወቀ?

በጁን 20 ቀን 1837 ዓ.ም. ማለዳ ቪክቶሪያን ከእንቅልፍ ቀስቅሰው አጎታቸው ንጉሥ ዊልያም 4ኛ መሞታቸውን ነገሯቸው። እንዲሁ የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ ነገሡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ዓ.ም. የእናታቸውን የወንድም ልጅ ልዑል አልበርትን አገቡ። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተወለዱ ነበሩ፤ እጅግም ይዋደዱ ነበር። አልበርት የተማሩ፥ ሥራ የሚወዱ፥ ሙዚቃም የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስቱ ከመንግሥት ሥራ በተረፋቸው ሰዓት አብረው ፒያኖ ይመቱ፥ ይዘምሩ፥ ሥዕልም ይሥሉ ነበር። በ1842 ዓ.ም. ሜንዴልሶን የተባለው የታወቀ የጀርመን የሙዚቃ ሊቅ ወደ ቤተ መንግሥታቸው በመጣ ጊዜ፥ አልበርት ኦርጋን መቱለት፤ ንግሥቲቱም ዘመሩለት።

ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ልጆቹም ከከተማው ሁካታ ርቀው እንዲያድጉ ብለው በ1845 ዓ.ም. በዋይት ደሴት ላይ ኦዝቦርን የሚባለውን ርስት ገዙ። በዚያም አልበርት ለእያንዳንዱ ልጅ ቍራጭ መሬትና በልኩ የተሠራ የእጅ ጋሪ ሰጡ። ልጆቹ ቈፍረው አትክልት ይተክሉ ነበር፤ ያበቀሉትንም አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዟቸው ነበር። ደግሞ በስኮትላንድ ተራሮች መካከል ባልሞራል የሚባለውን ስፍራ በ1848 ዓ.ም. አይተው ወደዱት፤ በ1852 ዓ.ም. ገዝተውም አዲስ ግንብ አሠሩበት። በዚያ ተራራ ይወጣሉ፥ በፈረስ ይሄዳሉ፥ ከባላገሩ ጋራ ይጫወታሉ። በ1860 ዓ.ም. ማንም ሳያውቃቸው ስማቸውን ለውጠው በአንዲት ትንሽ መንደር በእንግዳ ማደሪያ ቤት አደሩ፤ በዚህም እንደ ልጆች ተደሰቱ። ንግሥቲቱም ይህን ሁሉ ማታ ማታ በማስታወሻቸው ይጽፉት ነበር።

ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ በደስታ ካለፈ በኋላ ግን የ1861 ዓ.ም. መከራ መጣ። በማርች 16 ቀን እናታቸው ሞቱ። ንግሥቲቱ በወጣትነታቸው ከእናታቸው ጋራ ብዙ ተቃቅረው ነበር። አሁን ግን የእናታቸውን ሣጥን ከፍተው ወረቀቱን ሲያዩ፥ እናታቸው የልጅነታቸውን ነገር ሁሉ፥ እጅግ ትንሹን እንኳ ሳይጥሉ፥ አኑረውት አገኙ። ምን ያህል ይወደዱ እንደ ነበረም ያን ጊዜ ዐወቁ፤ እጅግም አለቀሱ። ዕንባቸው ገና ሳይደርቅ፥ በዚያው ዓመት በዲሴምበር 14 ቀን ልዑል አልበርት በዊንዘር ግንብ ሞቱ። ሐኪሞቹ በሽታው የአንጀት ተስቦ ነው አሉ። አልበርት ገና የ42 ዓመት ሰው ነበሩ። ንግሥቲቱም በ42 ዓመታቸው መበለት ሆነው ዘጠኝ ልጆችና አንድ ታላቅ መንግሥት ይዘው ቀሩ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ አልቃሹ ብቻውን እንዳይሆን ሁሉም አብሮት ይቀመጣል። ኋላም ቀኑ ሲደርስ ያዘነው ሰው ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን በሩን ዘጉ። ጥቍር ልብስ ለበሱ፤ ይህንም ጥቍር ልብስ አርባ ዓመት ያህል አላወለቁትም። የአልበርትን ክፍል እንደ ነበረ አስቀመጡት። በየቀኑ አሽከሮች የሚታጠቡበት ሙቅ ውሃ ወደዚያ ክፍል ያገቡ ነበር፤ ልብሳቸውንም በአልጋው ላይ ያነጥፉ ነበር። ክፍሉን ያየ ሁሉ ጌታው አሁን ከውጭ የሚመለሱ ይመስለው ነበር። ጌታው ግን አይመለሱም።

ንግሥቲቱ በየዕለቱ የመንግሥትን ወረቀት እያነበቡ መፈረምን አልተዉም። ነገር ግን ወደ ሕዝቡ አይወጡም፤ ምክር ቤቱንም ራሳቸው አይከፍቱም ነበር። ሕዝቡ መጀመሪያ አዘነላቸው፤ ቀጥሎ ታገሠ፤ በኋላ ግን አጕረመረመ። በ1864 ዓ.ም. አንድ ቀልደኛ ሰው በሎንዶን በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጥር ላይ፥ ቤቱ ባለቤቱ ስለ ተወው የሚከራይ ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም በውስጡ ቍጣ ነበረበት። አንዳንድ ሰዎችም ንጉሥ ምን ይጠቅመናል እያሉ መናገር ጀመሩ። እንግዲህ በክፍል ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠው ኀዘን ንግሥቲቱን ብቻ ሳይሆን መንግሥታቸውንም ሊጐዳ ደረሰ።

ታዲያ ንግሥቲቱ ከዚህ ጨለማ በምን ወጡ? በአንድ ቀን አልወጡም፤ በአንድ ነገርም አልወጡም። ጥቂት በጥቂት፥ እንደ ታመመ ሰው እየተራመዱ ወጡ።

መጀመሪያ ከልጆቻቸው ጋራ ወደ ባልሞራል ተመለሱ። በኦገስት 1862 ዓ.ም. በተራራው ራስ ላይ የአልበርት መታሰቢያ የሚሆን ታላቅ የድንጋይ ካብ አሠሩ። ቀጥሎም በ1864 ዓ.ም. መጨረሻ ሐኪማቸው ከቤት ወጥተው በፈረስ እንዲሄዱ መከራቸው። ስለዚህ ጆን ብራውን የተባለው የባልሞራል አሽከር ፈረሳቸውን ይዞ ወደ ኦዝቦርን እንዲመጣ ተደረገ። ይህ ሰው በደጉ ዘመን አልበርትን ያገለገለ፥ ተራራውንም መንገዱንም የሚያውቅ ነበር። ንግሥቲቱም ከእርሱ ጋራ በየቀኑ መውጣት ጀመሩ። ነፋሱ፥ የፈረሱ እርምጃ፥ ደጉን ዘመን የሚያስታውስ ሰው በአጠገባቸው መኖሩም ለልባቸው ዕረፍት ሰጠ። በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ትዝታ ያስለቅሳቸው ነበር፤ በመንገድ ላይ የሚሄድ ትዝታ ግን አጽናናቸው።

ደግሞም በ1868 ዓ.ም. በኦገስት ወር ወደ ስዊስ አገር ሄዱ፤ በሉሰርን ሐይቅ አጠገብም ብዙ ሳምንት ተቀመጡ። ይህን አገር የመረጡበት ምክንያት ነበራቸው። ሳይጋቡ በፊት፥ በ1837 ዓ.ም. አልበርት በዚያ አገር ሲጓዙ የስፍራዎቹን ሥዕሎች ሰብስበው፥ ከተራራው የተቀጠፈ የደረቀ አበባም ጨምረው ልከውላቸው ነበር። አሁን ንግሥቲቱ አልበርት ያዩትን ተራራ በዐይናቸው አዩ። አይተውም አላለቀሱም፤ የሥዕል ሣጥናቸውን አወጡ፤ በውሃ ቀለምም ተራራውንና ሐይቁን ሣሉ። የሚሥል ሰው የተራራውን ጥላ፥ የውሃውን መልክ፥ የደመናውን ጫፍ ልብ ብሎ ማየት አለበት። እንዲህ ሲያይም ለጥቂት ሰዓት ራሱን ይረሳል። ከሥዕሉ ቀና ሲል ኀዘኑ በቦታው ይቈየዋል፤ እርሱ ግን ዐርፎ ተመልሷልና የቀድሞውን ያህል አይከብደውም።

በዚያው በ1868 ዓ.ም. ንግሥቲቱ በደጉ ዘመን በስኮትላንድ ተራሮች የጻፉትን ማስታወሻ ለሕዝብ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ የጦርነትና የፖለቲካ ነገር የለበትም። ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋራ ተራራ እንደ ወጡ፥ ዝናብ እንደ መታቸው፥ በመንደር ቤት ምን እንደ በሉ ይናገራል። ሕዝቡም መጽሐፉን ተሻምቶ ገዛው። ብዙ ሰው ንግሥቲቱ እንደ እርሱ ሚስት፥ እናትና መበለት መሆናቸውን ዐወቀ። ለብቻ የተያዘ ትዝታ ከሕዝቡ ለይቷቸው ነበር፤ ለሌላ የተነገረ ትዝታ ግን ከሕዝቡ ጋራ መልሶ አቀራረባቸው።

ኀዘን የሌላውን ኀዘን እንድናይ ዐይናችንን ይከፍታል። አልበርት ከሞቱ ገና አንድ ወር ሲሆን፥ በጃኑዋሪ 1862 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በሃርትሊ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ተዘግቶ 204 ወንዶችና ልጆች ሞቱ። ንግሥቲቱ የራሳቸው ዕንባ ሳይደርቅ ለሟቾቹ ሚስቶችና እናቶች የማጽናኛ ቃልና ገንዘብ ላኩ። በ1865 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በነፍሰ ገዳይ እጅ በሞቱ ጊዜም፥ ለሚስታቸው ለሜሪ ሊንከን በገዛ እጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። መበለት የመበለትን ልብ ታውቃለችና።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚነካ ነገር አለ። በ1862 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው ሎንዶን ደርሶ በሹማምንት ጽሕፈት ቤት ያለ መልስ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ተቈጥተው የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች ኤውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዞችም ጦር ላኩ፤ በኤፕሪል 13 ቀን 1868 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ከመማረክ ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ልዑሉን ይዞ ሲመለስ እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሳሉ ታመው ሞቱ። ልጁም በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ አባታቸውን፥ እናታቸውንና አገራቸውን አጡ።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ልዑል ዓለማየሁን ወደ ኦዝቦርን አምጥተው ከንግሥቲቱ ጋራ አገናኟቸው። ንግሥቲቱም ልጁን ወደዷቸው፤ ደጋግመውም ይጠይቋቸው ነበር። ልዑሉ መጀመሪያ አማርኛ ከሚያውቀው ከካፒቴን ስፒዲ ጋራ ይኖሩ ነበር። በኋላ ግን መንግሥት ከእርሱ ለይቶ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች አስገባቸው። በኖቬምበር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሞቱ፤ ዕድሜያቸውም 18 ዓመት ነበር። ንግሥቲቱ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበሩ አዘዙ። ልዑሉ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻቸውን መሞታቸው እጅግ እንዳሳዘናቸውም በማስታወሻቸው ጻፉ።

የንግሥቲቱንና የልዑሉን ኀዘን ብናስተያይ አንድ ታላቅ ነገር እናያለን። ንግሥቲቱ ሲያዝኑ የባላቸው ክፍል አለ፤ አብረው የወጡት ተራራ አለ፤ አባታቸውን የሚያስታውሱ ዘጠኝ ልጆች አሉ። ልዑል ዓለማየሁ ግን የመቅደላን ነገር ከማን ጋራ ይጨዋወቱ? የእናታቸውን ድምፅ የሚያስታውስ ማን አለ? ትዝታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲያስታውስ ሌላው አዎን እንዲህ ነበር ማለት አለበት። ሰውን ከአገሩ፥ ከወገኑና ከቋንቋው የለየ ሰው ምግብና ልብስ ቢሰጠው እንኳ የሚጽናናበትን ነገር ወስዶበታል። የንግሥቲቱ ፍቅርም እውነተኛ ቢሆን ይህን ሊተካላቸው አልቻለም።

ወደ ንግሥቲቱ ነገር እንመለስ። በፌብሩዋሪ 1866 ዓ.ም. ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ምክር ቤቱን ከፈቱ። በ1871 ዓ.ም. መጨረሻ የበኵር ወንድ ልጃቸው ልዑል ኤድዋርድ አባታቸውን በገደለው በሽታ ታመው ለሞት ቀረቡ። የአልበርት ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜም ሁሉም ፈራ፤ ልዑሉ ግን ዳኑ። በፌብሩዋሪ 1872 ዓ.ም. ንግሥቲቱ ከልጃቸው ጋራ በሎንዶን መንገድ ወጥተው ለምስጋና ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሕዝቡም በእልልታ ተቀበላቸው፤ የቀድሞው ማጕረምረምም ቀዘቀዘ።

ኀዘን ግን አንድ ጊዜ መጥቶ የሚቀር እንግዳ አይደለም። በ1878 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው አሊስ ሞቱ፤ የሞቱበትም ቀን አባታቸው የሞቱበት ዲሴምበር 14 ነበር። በ1883 ዓ.ም. ታማኝ አሽከራቸው ጆን ብራውን፥ በ1884 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው ሊዮፖልድ ሞቱ። ንግሥቲቱ አለቀሱ፤ እንደ ፊተኛው ግን በሩን አልዘጉም። የመንግሥት ሥራቸውን ሠሩ፤ በተረፋቸውም ሰዓት በእግር በሚዞር መፍተያ ፈተሉ፤ ሹራብ ሠሩ፤ ሙዚቃ ሰሙ፤ ከውሾቻቸው ጋራ ተጫወቱ። በ1887 ዓ.ም. የነገሡበት 50ኛው ዓመት በተከበረ ጊዜ ዕድሜያቸው 68 ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት አብዱል ካሪም የተባለ ሰው ከህንድ አገር ለአገልግሎት መጣ። ንግሥቲቱም ከእርሱ የህንዶችን ቋንቋ መማር ጀመሩ። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን አዲስ ፊደል እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ቈጠሩ። ትምህርቱንም ብዙ ዓመት አልተዉትም፤ ደብተር በደብተር ላይ ጨረሱ። ፊደል መቍጠር የከበደው ተማሪ ይህን ያስታውስ።

በ1898 ዓ.ም. ንግሥቲቱ የገዛ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ መልእክት ላኩ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ወታደሮቻቸው በደቡብ አፍሪካ ሲዋጉ፥ ዐይናቸው ደክሞ ሳለ፥ በ81 ዓመታቸው በኪሮሽ ስምንት የአንገት ልብስ ሠሩ። የአንገት ልብሶቹም በጀግንነት ለተመረጡ ወታደሮች ተሰጡ። በልጅነታቸው ለአሻንጉሊት ልብስ ይሰፉ የነበሩት እጆች በእርጅናቸው ለሰው ልብስ ሠሩ።

ንግሥት ቪክቶሪያ 63 ዓመት ከሰባት ወር ነግሠው በጃኑዋሪ 22 ቀን 1901 ዓ.ም. በኦዝቦርን ሞቱ። አርባ ዓመት ያህል ጥቍር የለበሱት ንግሥት፥ ነጭ ለብሰውና የሠርጋቸውን ዐይነ ርግብ ተሸፍነው እንዲቀበሩ አዘው ነበር። የአልበርትም ካባ ከእርሳቸው ጋራ በሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። በዊንዘር አጠገብ በፍሮግሞር፥ ከባላቸው ጐን ተቀበሩ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? ትዝታ ምርኵዝ ነው፤ አልጋ አይደለም። የደከመ ሰው ምርኵዝ ይዞ ይሄዳል፤ በምርኵዝ ላይ ግን አይተኛም። ንግሥቲቱ ሙቅ ውሃ ለሟች ያስቀርቡ በነበረ ጊዜ ትዝታቸው አልጋ ሆኖባቸው ነበር። ተራራ ሲወጡ፥ ሲሥሉ፥ ሲጽፉ፥ ሲማሩ ግን ምርኵዝ ሆነላቸው። አልበርትን አልረሱም፤ ነገር ግን እያስታወሱ መራመድን ተማሩ።

ስለዚህ ባልንጀራችሁ አባቱ ቢሞትበትና ከጥቂት ቀን በኋላ ኳስ ሲጫወት ወይም ሲሥቅ ብታዩት፥ አባቱን ረሳ ብላችሁ አትውቀሱት። ልቡ ትንሽ ማረፍ ፈልጎ ነው፤ ከእርሱ ጋራ ተጫወቱ። አያታችሁ ባላቸውን አስበው ሲተክዙ ብታዩም፥ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስለ ደጉ ዘመን ጠይቋቸው። አንድ ጊዜ የነገሯችሁን ደግመው ቢነግሯችሁ ሰማነው አትበሏቸው፤ ደግማችሁ ስሙ። እንዝርታቸውንም ሲያነሡ ጥጡን አቀብሏቸው። እናንተም ዛሬ በደስታችሁ ቀን እጃችሁን አንድ ሥራ አስተምሩት። ሥዕልም ይሁን፥ ጥልፍም ይሁን፥ በገናም ይሁን፥ አትክልትም ይሁን ተማሩ። ኀዘን የማይደርስበት ሰው የለም፤ በደረሰባችሁ ቀን ያ የተማረው እጃችሁ ይደግፋችኋል።